ዓላማ ለልብና ለሰውነት ጤና ስለ መሆኑ፤ የኢማም አል-ገዛሊ ታሪክ

ምስጋና ሰውን ከአፈር ፈጥሮ በውስጡ ልብን ላኖረ፣ ለልብም የምትሻውን ላሳወቀ ለአላህ ይገባው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፣ አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ከራስህ ጋር ጥቂት ተነጋገር። ማለዳ ተነሥተህ ሱቅህን ትከፍታለህ፤ ዕቃ ትመዝናለህ፣ ጨርቅ ትለካለህ፣ የሰጠኸውንና የተቀበልኸውን በመዝገብ ትጽፋለህ፤ ማታም ቈልፈህ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ። አንቺም እኅቴ ሆይ፣ ከፈጅር ጀምሮ ለልጆችሽ ምግብ ስታሰናጂ፣ ቤትሽን ስታስተካክዪ፣ እንግዳ ስትቀበዪ ቀኑ ያልፍብሻል። ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቃችሁ ቢገኝ ምን ትመልሱለታላችሁ? ለሆድ ነው ብትሉ ሆድ በጥቂት ይጠግባል። ለስም ነው ብትሉ ስም ከባለቤቱ ቀድሞ ሊሞት ይችላል። ለልጆች ነው ብትሉ ልጆቹ ደግሞ ለምን እንደሚኖሩ ከእናንተ ሊሰሙ ይፈልጋሉ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላገኘ ሰው ጉዳቱ በልቡ ብቻ የሚቀር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ልብ ግራ ስትጋባ ምላስና ሆድ፣ እጅና እግር አብረዋት እንደሚታመሙ የሚያስረዳ ታሪክ አለ። ታሪኩም ሥራ አጥቶ የተንከራተተ ወይም በድኽነት የተጐሳቈለ ሰው ታሪክ አይደለም። በዘመኑ ከሁሉ የበለጠ ክብር፣ ሀብትና ዝና አግኝቶ፣ በዚያው ክብር መካከል ሳለ እንጀራ መዋጥ ያቃተው የታላቅ ዓሊም ታሪክ ነው። እኚህም ሰው ሑጀቱል ኢስላም ተብለው የሚጠሩት ኢማም አቡ ሓሚድ ሙሐመድ አል-ገዛሊ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።

ትውልዳቸውና ትምህርታቸው

ኢማሙ በ450 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1058፣ ዛሬ የኢራን ክፍል በሆነው በኹራሳን አገር፣ ጡስ በምትባል ከተማ ተወለዱ። የታሪክ ጸሓፊዎች እንደሚተርኩት አባታቸው ሱፍ እየፈተሉ በሱቃቸው የሚሸጡ፣ ከእጃቸው ሥራ በቀር የማይበሉ ድኻ ሰው ነበሩ። ሥራቸውን ሲጨርሱ ወደ ዑለማዎች ጉባኤ እየሄዱ ያገለግሉ ነበር፤ የሚነገረውን በሰሙም ጊዜ እያለቀሱ ዓሊም የሚሆን ልጅ እንዲሰጣቸው አላህን ይለምኑ ነበር። ራሳቸው መጻፍ ሳይማሩ በመቅረታቸው ይቈጩ ስለ ነበር፣ የሞታቸው ጊዜ በቀረበ ጊዜ ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ሙሐመድንና አሕመድን፣ ለአንድ ሱፊይ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ፤ ያጠራቀሟትንም ጥቂት ገንዘብ ለልጆቹ ትምህርት እንዲያውልላቸው ለመኑት።

ወዳጃቸውም አደራውን ጠበቀ፤ ገንዘቡ እስኪያልቅ ድረስም ልጆቹን አስተማረ። ባለቀ ጊዜ ግን እሱም ድኻ ነበረና ወደ መድረሳ እንዲገቡ መከራቸው፤ በመድረሳ ለተማሪ ቀለብ ይሰጥ ነበርና። እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር ልብ አድርግ። ያ ታላቅ ኢማም የዕውቀትን በር የገቡት ረኃብ እየገፋቸው ነው። ከብዙ ዘመን በኋላም ይህን ጊዜ እያስታወሱ፣ በልጅነታቸው ዕውቀትን የፈለጉት ለአላህ ብለው እንዳልነበረ፣ ዕውቀት ግን ለአላህ ካልሆነ በቀር ለሌላ አልሆንም እንዳለቻቸው ይናገሩ ነበር። የሕይወታቸው ታሪክ ሁሉ በዚህ ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

በጡስ ፊቅሕ ከተማሩ በኋላ ወደ ጁርጃን ሄደው ከመምህራቸው የሰሙትን በደብተር ጽፈው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ በመንገድ ወንበዴዎች አገኟቸውና የያዙትን ሁሉ ቀሟቸው። ኢማሙም ወንበዴዎቹን ተከትለው ሌላውን ትተው ደብተራቸውን ብቻ እንዲመልሱላቸው ለመኑ፤ ዕውቀታቸው ሁሉ በእርሱ ውስጥ ነበረና። የወንበዴዎቹም አለቃ ሳቀባቸው፤ ሌባ ሲወስደው የሚጠፋ ዕውቀት ምን ዓይነት ዕውቀት እንደ ሆነ ጠየቃቸውና ደብተራቸውን መለሰላቸው። ያ የሽፍታ ቃል እንደ መምህር ምክር ሆኖ ሰውነታቸው ውስጥ ገባ። አገራቸው ገብተው ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፉትን በቃላቸው ሲያጠኑ ቈዩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊቀማቸው አይችልም ነበር።

ከዚህ ቀጥለው ወደ ነይሳቡር ሄደው የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ከነበሩት ከኢማም አል-ሐረመይን አል-ጁወይኒ እግር ሥር ተቀመጡ። በፊቅሕ፣ በክርክር ጥበብና በፍልስፍና ከጓደኞቻቸው ሁሉ በልጠው ታዩ። መምህራቸውም በ478 ዓመተ ሒጅራ፣ በፈረንጅ 1085፣ በሞቱ ጊዜ ወጣቱ ዓሊም የሰልጁቆች ታላቅ ሚኒስትር ወደ ነበረው ወደ ኒዛሙል ሙልክ ሰፈር ሄዱ። በዚያ የተሰበሰቡትን ሊቃውንት እየተከራከሩ ረቷቸው፤ ስማቸውም በየአገሩ ተሰማ።

የባግዳድ ክብር

በ484 ዓመተ ሒጅራ፣ በፈረንጅ 1091፣ ኒዛሙል ሙልክ በባግዳድ ላቋቋመው የኒዛሚያ መድረሳ መምህር አድርጎ ሾማቸው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 34 ዓመት ነበር። ይህ ወንበር በዚያ ዘመን አንድ ዓሊም ሊያገኘው ከሚችለው ሁሉ የላቀ ነበር። 300 ተማሪዎች ከፊታቸው ይቀመጡ ነበር፤ ኸሊፋውና ሹማምንቱ ምክራቸውን ይጠይቁ ነበር። አንድ የዘመኑ ሰው እንደ ተረከው፣ ኢማሙ ባግዳድ በገቡ ቀን የለበሱት ልብስና የተቀመጡበት እንስሳ ቢገመት 500 ዲናር ያወጣ ነበር።

አንተ ነጋዴ ወንድሜ፣ የዕቃን ዋጋ ታውቃለህና ይህን ቍጥር በአእምሮህ ያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ዘመን ኢማሙ ሥራ ፈት አልነበሩም። ቀን ያስተምሩ ነበር፤ ከማስተማር በተረፋቸው ሰዓት ደግሞ የፈላስፎችን መጻሕፍት ያለ መምህር እያነበቡ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ትምህርታቸውን ጨርሰው አወቁ፤ ቀጥለውም ተሀፉቱል ፈላሲፋ የተባለውን የታወቀ መጽሐፍ ጻፉ። ከውጭ ለሚያያቸው ሰው ሁሉም የተሟላላቸው ነበሩ። ሆኖም በ485 ዓመተ ሒጅራ፣ በፈረንጅ 1092፣ ያ የሾማቸው ኒዛሙል ሙልክ በነፍሰ ገዳይ እጅ ተገደለ፤ ጥቂት ቈይቶም ሱልጣን መሊክሻህ ሞተ። መንግሥቱም ተናወጠ። ትናንት ሰው ሁሉ የሚሰግድለት ሥልጣን በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደ ጉም በነነ። ይህን በዓይኑ ያየ አስተዋይ ሰው የራሱን ወንበር እግር ሳይመረምር ይቀራልን?

ሕመማቸው

ኢማሙ ይህን ነገር በኋላ ዘመን አል-ሙንቂዝ ሚነድ ደላል በተባለው መጽሐፋቸው ሳይሸሽጉ ጽፈውታል። ሁኔታቸውን በመረመሩ ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ሥራቸው ማስተማር ሆኖ አገኙት፤ ማስተማራቸውን በመረመሩ ጊዜ ደግሞ የሚያስተምሩት ለአኼራ ብዙ የማይጠቅም ዕውቀት ሆኖ አገኙት። ከዚያም አልፈው ኒያቸውን መረመሩ፤ ያነሣሣቸው የአላህ ውዴታ ሳይሆን የክብርና የዝና ፍላጎት መሆኑን አዩ። ሊናድ በተቃረበ ገደል አፋፍ ላይ እንደ ቆሙም ተረዱ።

ማየታቸው ግን ወዲያው አላዳናቸውም። አንባቢ ሆይ፣ ሕመሙ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ባግዳድን ትተው ለመሄድ ይቈርጣሉ፤ በማግሥቱ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። አንዱን እግር ወደ ፊት ሲያራምዱ ሌላውን ወደ ኋላ ይስባሉ። ማለዳ የአኼራ ፍላጎት ሲነሣ ማታ የምኞት ሠራዊት መጥቶ ይበትነዋል። የእምነት ድምፅ፣ ዕድሜ አጭር መንገዱም ሩቅ ነውና ተነሥ እያለ ይጠራቸዋል፤ ሸይጧን ደግሞ ይህ የሚያልፍ ሐሳብ ነው፣ ይህን የመሰለ ያለ ተቀናቃኝ የተገኘ ክብር ከጣልኸው በኋላ ብትፈልገው አታገኘውም እያለ ይመልሳቸዋል። በዚህ ዓይነት ከ488 ዓመተ ሒጅራ የረጀብ ወር፣ በፈረንጅ ከሐምሌ 1095፣ ጀምሮ ለወራት ተንገላቱ።

በመጨረሻው ነገሩ ከፈቃዳቸው ወጣ። አላህ ምላሳቸውን ቈለፈው። ወደ ተማሪዎቹ ይገባሉ፤ የሚመጡትን ሰዎች ለማስደሰት ብለው አንዲት ቀን እንኳ ለማስተማር ይታገላሉ፤ ነገር ግን አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣ አለች። ያ ሊቃውንትን ሁሉ በክርክር የረታ ምላስ ተሳሰረ። የምላሱም መታሰር በልባቸው ኀዘንን ወለደ፤ ኀዘኑም ወደ ሆዳቸው ወረደ። ምግብ መፍጨት አቃታቸው፤ ጕርሻም ሆነ ጕንጭ ውሃ አልወርድላቸው አለ። ኃይላቸው ደከመ፤ ሰውነታቸው መነመነ።

የባግዳድ ሐኪሞች በዚያ ዘመን ከዓለም ሐኪሞች ሁሉ የታወቁ ነበሩ። እነርሱም መጥተው መረመሯቸው፤ መድኃኒት ሞከሩ፤ በመጨረሻም ተስፋ ቈረጡ። የሰጡትም ፍርድ፣ ይህ ሕመም መጀመሪያ በልብ ላይ ወርዶ ከዚያ ወደ ሰውነት የተዛመተ ነው፤ የልቡ ጭንቀት ካልተቃለለ በቀር ሌላ ሕክምና የለውም የሚል ነበር። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የነበሩ እነዚያ ሐኪሞች የሆዱን ሕመም ሥሩ ከሆድ ውጭ መሆኑን ማወቃቸው የሚያስደንቅ ነው።

ኢማሙም አቅም እንዳጡ፣ ምርጫም እንዳልቀረላቸው ባወቁ ጊዜ፣ መላ እንደ ጠፋው ጭንቅ ውስጥ እንዳለ ሰው ወደ አላህ ተጠጉ። የተጨነቀን የሚሰማው ጌታም ሰማቸው፤ ክብርን፣ ገንዘብን፣ ቤተ ሰብንና ጓደኞችን መተው ለልባቸው ቀላል ሆነላቸው።

ጉዟቸውና ፈውሳቸው

በዚያው ዓመት በዙልቀዕዳ ወር፣ በፈረንጅ ኅዳር 1095 ገደማ፣ ኢማሙ ከባግዳድ ወጡ። ኸሊፋውና ጓደኞቻቸው ሻም ሊቀመጡ እንዳሰቡ ቢያውቁ እንዳይከለክሏቸው፣ ለሰው ሁሉ ወደ መካ እንደሚሄዱ ነገሩ። ገንዘባቸውን አከፋፈሉ፤ ለራሳቸው ስንቅና ለልጆቻቸው ቀለብ የሚበቃውን ብቻ አስቀሩ። ይህን አስተውል፤ አላህን እፈልጋለሁ ብለው ልጆቻቸውን ለረኃብ አልጣሉም።

የባግዳድም ሰው በነገሩ ተደናገጠ። ከዚህ የበለጠ የሃይማኖት ክብር የለም ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ ይህን ወንበር ለሃይማኖት ብሎ የሚተው ሰው መኖሩን ሊቀበሉ አልቻሉም። አንዱ መንግሥትን ፈርቶ ነው አለ፤ ሌላው በኢስላም ላይ የወረደ ዐይነ ጥላ ነው አለ። ዓላማውን ያገኘ ሰው ሰዎች ሁሉ እስኪረዱት ድረስ ቢጠብቅ ኖሮ ከቦታው ባልተንቀሳቀሰም ነበር።

በደማስቆ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጡ። በበኒ ኡመያ ታላቅ መስጊድ ሚናራ ላይ እየወጡ፣ በሩን በራሳቸው ላይ ዘግተው ቀኑን ሙሉ በዚክርና ነፍስን በመመርመር ያሳልፉ ነበር። ከዚያም ወደ በይተል መቅዲስ ሄደው በየቀኑ በዐለቱ ጉልላት ውስጥ በር ዘግተው ይቀመጡ ነበር። ወደ ኸሊል ከተማም ሄደው የነቢዩ ኢብራሂምን መቃብር ዘየሩ፤ በዚያም ሦስት ነገር ቃል ገቡ፤ ይኸውም የሱልጣን ገንዘብ ላይቀበሉ፣ ወደ ሱልጣን ደጅ ላይሄዱ፣ ለማሸነፍ ተብሎ በሚደረግ ክርክር ውስጥ ላይገቡ ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች ምን እንደ ሆኑ ታስታውሳለህን? በባግዳድ ሳሉ ከፍ ያደረጓቸው ነገሮች ናቸው፤ ያሳመሟቸውም እነዚሁ ናቸው። ከዚህም በኋላ ወደ መካና ወደ መዲና ተጉዘው ሐጅ አደረጉ።

በነዚህ ዓመታት ውስጥ ኢሕያእ ዑሉሚድ ዲን የተባለውን፣ 40 ክፍሎች ያሉትን ታላቅ መጽሐፍ መጻፍ ያዙ። ጕንጭ ውሃ መዋጥ ያቃተው ሰው ተነሥቶ በእግሩና በእንስሳ አገር ለአገር ተጓዘ፤ ያ የተቈለፈ ምላስም ተፈትቶ እስከ ዛሬ ድረስ ዓለም የሚማርበትን አስተማረ። መድኃኒት ቤት ያልተገኘ ፈውስ ከየት መጣ? ልብ ፊቷን ወደ አንድ አቅጣጫ ባቀናች ጊዜ ሰውነትም ተከተላት።

ያ የዘመኑ ሰው ደግሞ፣ ኢማሙ ከዱንያ ርቀው ተጉዘው ወደ ባግዳድ ተመልሰው ባያቸው ጊዜ፣ የለበሱትን ልብስ ቢገምት 15 ቂራጥ ሆኖ አገኘው። ቂራጥ የዲናር ጥቂት ክፍል ናት። 500 ዲናር ለብሰው ገብተው ነበር፤ 15 ቂራጥ ለብሰው ተመለሱ። የንግድ ሰው ይህን ኪሳራ ይለው ይሆናል። ነገር ግን በመጀመሪያው ልብስ ውስጥ የነበረው ሰው መብላት ያቃተው በሽተኛ ሊሆን የተቃረበ ነበር፤ በሁለተኛው ውስጥ የነበረው ጤነኛ ነው። ሒሳቡን አንተው አውጣው።

ወደ ቤታቸው መመለሳቸው

አንዳንድ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቋርጥና ትምህርቱ ሱቅን ዘግቶ፣ ቤትን ትቶ መሄድ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ኢማሙ ራሳቸው እንደ ጻፉት፣ ከሰው ሁሉ ይልቅ ወደ አገር ከመመለስ የራቁ ሆነው ሳሉ፣ የልጆቻቸው ጥሪና ናፍቆት ወደ ቤታቸው ሳባቸው። በቤታቸውም የኑሮ ጉዳይና የቤተ ሰብ ችግር ጸጥታቸውን ያውክ ነበር። ቢሆንም ይህን ምክንያት አድርገው ዳግመኛ አልተሰደዱም። ከልጆች ድምፅና ከቀለብ ሐሳብ ጋር እየኖሩ፣ ጸጥ ያለች ሰዓት ባገኙ ቍጥር ወደ ዚክራቸው ይመለሱ ነበር።

በ499 ዓመተ ሒጅራ፣ በፈረንጅ 1106፣ የኒዛሙል ሙልክ ልጅ ፈኽሩል ሙልክ በነይሳቡር ኒዛሚያ እንዲያስተምሩ አጥብቆ ጠየቃቸው። የሕዝቡ እምነት መዳከሙን አይተው፣ ከቅን ወዳጆቻቸውም ጋር ተማክረው እሺ አሉ። ከባግዳድ በወጡ በ11 ዓመታቸው እንደገና በወንበር ላይ ተቀመጡ። ከውጭ ሲታይ ሥራው ያው ነው፤ ጥምጥሙም፣ ወንበሩም፣ ተማሪዎቹም። ኢማሙ ግን ወደ ማስተማር ቢመለሱም እንዳልተመለሱ ጽፈዋል፤ ፊት ክብር የሚገኝበትን ዕውቀት ለክብር ብለው ያስተምሩ ነበርና፣ አሁን ግን ሰውን ክብርን ወደ መናቅ የሚጠራውን ዕውቀት ያስተምራሉ።

የነይሳቡሩ ዓሊም ዐብዱል ጋፊር አል-ፋሪሲ በዚህ ጊዜ ብዙ ጊዜ እየሄዱ ጠየቋቸው። ቀድሞ የሚያውቋቸው በንግግራቸው ችሎታ የሚኮሩ፣ ሰውን ከፍ ብለው የሚመለከቱ ሰው አድርገው ነበር። አሁን ትሑት ሆነው ባገኟቸው ጊዜ መጀመሪያ ለታይታ መሰላቸው፤ መርምረው ካዩ በኋላ ግን እውነት መሆኑን መሰከሩ።

በመጨረሻም ወደ ጡስ ተመለሱ። በቤታቸው አጠገብ ለተማሪዎች መድረሳ፣ ለሱፊዮችም ማረፊያ ሠርተው ጊዜያቸውን ቍርኣን በመቅራት፣ በማስተማርና ሐዲሥ በማጥናት አሳለፉ። በ505 ዓመተ ሒጅራ ጁማደል ኣኺራ 14 ቀን ሰኞ፣ በፈረንጅ ታኅሣሥ 1111፣ ወንድማቸው አሕመድ እንደ ተረኩት፣ ውዱእ አድርገው ፈጅር ሰገዱ፤ ከፈናቸውን እንዲያመጡላቸው ጠየቁ፤ ተቀብለው ሳሙት፤ በዓይናቸውም ላይ አኖሩት፤ እግራቸውን ወደ ቂብላ ዘርግተው ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ጌታቸው ሄዱ። ዕድሜያቸው 55 ዓመት ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

አንባቢ ሆይ፣ 55 ዓመት ረዥም ዕድሜ አይደለም። እንግዲህ ዓላማ ያለው ሰው አይታመምም፣ በቶሎም አይሞትም የሚል ቢኖር አትቀበለው። ነቢዩ አዩብ ከሰው ሁሉ የበለጠ ዓላማ እያላቸው ታምመዋል። ሕመም የአላህ ፈተና ነውና በታመመ ወንድምህ ላይ ዓላማ ስለሌለው ነው ብለህ አትፍረድበት። ከታሪኩ የምንማረው ነገር ከዚህ የተለየ ነው፤ ለምን እንደሚኖር የማያውቅ ልብ ሰውነትን ሊያደክም ይችላል፣ የሚያውቅ ልብ ደግሞ ሰውነትን ይረዳል።

የዘመናችን ሐኪሞችም ወደዚህ የቀረበ ነገር እያገኙ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ አገር ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ 7,000 ያህል ሰዎችን ተከታትሎ፣ በሕይወታቸው ጠንካራ ዓላማ ያላቸው ሰዎች ዓላማቸው ከደከመው ይልቅ በዚያ የጥናት ዘመን ውስጥ ሞታቸው ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። እርግጥ ጤነኛ ሰው ዓላማ መያዝ ስለሚቀለው ሁለቱ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ገና ይመረመራል። ይሁን እንጂ የባግዳድ ሐኪሞች በአንድ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ያዩትን፣ የዛሬዎቹ በብዙ ሺህ ሰው ላይ እየመረመሩት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት፣ ዓላማ አለኝ ብሎ ሰውነትን መናቅ እንደማይገባ ነው። ኢማሙ ሰውነትን ለሐጅ መንገደኛ ከሚያገለግል ግመል ጋር ያመሳስሉታል። ግመሉን የማይቀልብ መንገደኛ በበረሃ መካከል ይቀራል፤ ቀኑን ሙሉ ግመሉን ሲቀልብ፣ ሲያጥብና ሲያስጌጥ የሚውልም ቅፍለቱ ትቶት ይሄዳል። ሕክምናንም በተመለከተ፣ ከኅብረተ ሰቡ መካከል አንድ ወገን ሊማረው ግዴታ የሆነ ዕውቀት መሆኑን አስተምረዋል፤ በአንዳንድ ከተማ ተማሪው ሁሉ ለሹመት ሲል ወደ ፊቅሕ እየተሽቀዳደመ ሐኪም መጥፋቱንም ነቅፈዋል። ስለዚህ እንቅልፍ ያጣህ፣ ምግብ የሰለቸህ፣ ልብህ የከበደህ እንደ ሆነ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ አታፍርም። ኢማሙም ታክመዋል። ሐኪሙ ሰውነትህን ሲመረምር አንተ ደግሞ ኒያህን መርምር፤ አንዱ ሌላውን አይከለክለውም።

ሦስተኛውና ለነጋዴ ከሁሉ የቀረበው ትምህርት ይህ ነው። ኢማሙ ሰውን በሦስት ይከፍሉታል። አንዱ ኑሮው ከአኼራው ያዘናጋው ነው፤ እርሱ የጠፋ ነው። ሁለተኛው አኼራው ከኑሮው የወሰደው ነው፤ እርሱ ያተረፈ ነው። ሦስተኛው ኑሮውን የሚሠራው ለአኼራው ሲል ነው፤ እርሱም መካከለኛ መንገድ የያዘ ነው። አብዛኞቻችን የምንችለው ይህን ሦስተኛውን ነው። ለዚህም በመጽሐፋቸው ስለ ንግድ በጻፉት ክፍል ነጋዴው ማለዳ ወደ ገበያ ሲወጣ ኒያውን እንዲያስተካክል ይመክራሉ፤ ይኸውም ራሱን ከልመና ሊጠብቅ፣ ቤተ ሰቡን በሐላል ሊቀልብ፣ ንግድና ጥበብ ቢቋረጥ ሕዝብ የሚጐዳ ስለ ሆነ የኅብረተ ሰቡን ግዴታ ሊወጣ ማሰብ ነው። የዕቃውን ጕድለት ከገዥ አይሸሽግ፤ ሚዛን አያጕድል፤ ወደ ገበያ ከሁሉ ቀድሞ ለመግባትና ከሁሉ በኋላ ለመውጣት አይስገብገብ፤ በገበያው መካከልም አላህን ያስታውስ ይላሉ።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ ነገ ማለዳ የምትከፍተው ሱቅ ትናንት የዘጋኸው ሱቅ ነው፤ ሚዛኑም ያው ነው፤ ደንበኛውም ያው ነው። ኢማሙ ወደ ወንበራቸው በተመለሱ ጊዜ ወንበሩ እንዳልተለወጠ አስታውስ፤ የተለወጠው የተቀመጠበት ሰው ኒያ ነው። ቍልፉን ከማዞርህ በፊት ጥቂት ቁም፤ ይህ ቀን ለማን እንደ ሆነ ለራስህ ንገረው። እኅቴ ሆይ፣ አንቺም ድስቱን ስትጥጂ ይህ ለማን እንደ ሆነ ኒያሽን አስተካክዪ፤ ልጆችሽም ለምን እንደምትደክሚ ከአንደበትሽ ይስሙ። የጡሱ ድኻ ሱፍ ፈታይ ለልጆቻቸው ትተው የሞቱት ጥቂት ገንዘብና አንድ ዱዓ ነበር፤ ገንዘቡ በጥቂት ዓመት አለቀ፤ ዱዓው ግን ይኸው ዘጠኝ መቶ ዓመት አልፎት እስከ ዛሬ ይሠራል።

አላህ ልባችንን ወደ እርሱ ያቅናልን፤ ሥራችንን ለእርሱ ያድርግልን፤ በሰውነታችን ጤናን፣ በሪዝቃችን በረካን፣ በኒያችን ጥራትን ይስጠን፤ የታመሙትን ይማርልን፤ ለኢማም አል-ገዛሊና ለወላጆቻችን ሁሉ ይዘንላቸው። ኣሚን።